ፍሬን የሌለው የኪራይ ቢስክሌት

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ጣሊያን፣ እግዜር የእጁን ይስጠውና፣ ጋራዡ ደጃፍ ሦስት ቢስክሌቶች ደርድሮ ያከራይ ነበር። እንደ እኔ በቅሎ ለሌለው ልብስ ሰፊ ትልቅ ነገር ነው፤ የግማሽ ቀን መንገድ በአንድ ሰዓት ያደርሳል። ግን ለኪራይ ዕቃ ማን ያዝናል? አንዱ ጎማውን ቀዶ ይመልሳል፣ ሌላው ፍሬኑን በጥሶ ዝም ይላል። ጣሊያኑም የሚጠግነው ነጭ የሚነዳው ሲሆን ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ወላጆቼን ልጠይቅ ብዬ ተከራየሁና ለፀሐዩ ባርኔጣ ደፍቼ በሉማሜ መንገድ ወጣሁ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ብጨብጠው ባዶ! ብረቱ ይዞኝ ወረደ። ከታች አንድ ሽማግሌ በበቅሎ ይመጣሉ፤ አባቴ ነበሩ።

ያኔ ለነጭ ከበቅሎ ወርዶ እጅ ያልነሳ ይገረፍ ነበር። ባላገሩ ደግሞ በቢስክሌት ላይ ያየው ሁሉ ነጭ ይመስለዋል። ለቤተ ክርስቲያን ካልሆነ ከበቅሎ የማይወርዱት አባቴ እየተንገዳገዱ ወረዱ፤ ዳር ይዘው አንገታቸውን ደፉ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ደንግጠው ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተያየን። ማቆም አልቻልኩም፤ አልፌያቸው ሄድኩ።

እስኪሞቱ ድረስ ስለዚያ ቀን አንስተው አያውቁም። እኔም ፍሬኑ ተበጥሶ እንደነበር አልነገርኳቸውም። «ፍሬኑ እምቢ ብሎኝ ነው» ማለት፣ «አንገትዎን ሲደፉልኝ አይቻለሁ» ማለት ነውና።