የኮጊላም ጋራዥ

ኮጊላም ስትቆጣ ጎረቤት ልብሱን ከገመድ ላይ ይሰበስባል፤ ነጎድጓድ ይመስለዋል። ቀልድ አይደለም፣ እኔ ራሴ ሁለቴ ሰብስቤያለሁ። ጃኮብስ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር በሚገኝ የሸሚዝ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰፋች ሴት ናት። ሁለት መቶ የስፌት መኪና በሚንጫጫበት አዳራሽ ውስጥ አለቃ ለመስደብ ድምፅ ያስፈልጋል። ጡረታ ስትወጣ መቀሱን አስረክባ ድምፁን ይዛ መጣች።

ባለፈው ዓመት ለቁጣዋ እውነተኛ ምክንያት ተገኘለት። ታናሽ ወንድሟ ሞጋን ሳንባው ደክሞ እሷ ቤት ገባ። አልጋው አጠገብ ኦክስጅን የሚያዘጋጅ ማሽን ተተከለ። ማሽኑ ያለ መብራት አይሠራም፣ ሞጋን ያለ ማሽኑ አይውልም፣ እኛ ሰፈር ቻትስዎርዝ ደግሞ መብራት በቀን ሦስቴ በተራ ይጠፋል። እሷም ባትሪ ለማስገባት ቆረጠች።

ሊገጥም የመጣው ዴሲጋን ጣሪያውን አንጋጦ አየና፣ “አክስቴ፣ ከሶላር ጋር ቢሆን ይሻልዎት ነበር” አላት።

“የአስቤስቶሱን ጣሪያ ብሳውና ወንድሜን በአቧራው ግደልልኝ! ባትሪ ብቻ ነው ያልኩህ። መብራት ሲመጣ ይጠጣ፣ ሲጠፋ ያጠጣ።”

“እሺ። በምን ያህል ፍጥነት ይሙላ?”

“ይሄ ይጠየቃል? በቻለው ፍጥነት!”

ጋራዡ ግድግዳ ላይ የቁም ሳጥን በር የሚያህል ነጭ የባትሪ ሣጥን ሰቀለላት። ሁለት ሳምንት ኮጊላም ዝም አለች፤ ሰፈሩ ተጨነቀ፣ የታመመች መስሎን።

ከዚያ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጀመረው። መብራት ይመጣል፣ እልል እንላለን፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መንገዱ ጥግ ያለው አሮጌ ትራንስፎርመር “ጧ!” ይልና ጨለማ። የመብራት ጠጋኞቹ በማግስቱ ይመጣሉ። በሦስተኛው ጊዜ የኮጊላም ባትሪ አሥራ ዘጠኝ በመቶ ላይ ደረሰ። ሞጋን ቁጥሩን እያየ፣ እሷ የሞጋንን ከንፈር እያየች አረፈዱ። መብራቱ ሲጠገን ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ጥጉ ወረደች። እኔም ተከተልኳት፤ ማን ይቀራል?

ጠጋኙ ዝዌሊ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው።

“ሰው ልትገድሉ ነው እንዴ? ይሄን ቆርቆሮ አስተካክላችሁ መሥራት አቃታችሁ?”

“እናቴ፣ ቆርቆሮውስ ደህና ነበር። እዚህ መንገድ ላይ ስንት ቤት ባትሪ አስገብቷል?”

“ዘጠኝ። ምን አገባህ?”

“መብራት ሲመጣ ዘጠኙም እኩል ይጎትታሉ። አንዲት አሮጊት ላም ዘጠኝ ጥጃ ባንዴ ታጠባለች?”

“ታዲያ ላሟን ለውጧታ!”

“ጠይቀናል፣ አልመጣም። እስኪመጣ ሁላችሁም የባትሪውን ፍጥነት ዝቅ አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ሙሉ።”

ኮጊላም “በቻለው ፍጥነት” ያለችውን ያስታወሰች መሰለኝ። በዚያው ንዴት ዘጠኙንም ቤት አንኳኩታ፣ ዴሲጋንን እየጎተተች፣ ሁሉንም ዝቅ አስደረገች፤ መጀመሪያ የራሷን። የእኔን ሲያስተካክል በሩ ላይ ቆማ፣ “አንቺ ፕሬማ፣ ሰርቀሽ ብትጨምሪ በጆሮዬ ነው የማውቅሽ” አለችኝ።

በማግስቱ ከሰዓት መብራት ጠፋ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ መጣ። እልል ያለ የለም። ትራንስፎርመሩ ያጉረመርማል። ኮጊላም መሀል አስፋልት ላይ በሸበጥ ቆማ ጆሮዋን አቀናች። ባትሪ አብዝቶ ሲጎትት ሣጥኑ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ያፏጫል፤ መርፌ ሊሰበር ሲል የሚሰማውን ድምፅ ሠላሳ አንድ ዓመት የለየች ሴት ደግሞ ይህ አያመልጣትም።

“ራጅፓል! ዝቅ አድርገው!”

“ዝቅ ነው እኮ!” አለ ጎረቤታችን ራጅፓል ከመስኮቱ።

“ውሸታም! ሞጋን ቢሞት ቀብሩ ላይ እንዳላይህ!”

“ኧረ ነይ ግቢና እይ፣ አንቺ ሴትዮ!”

ገባች። እውነቱን ነበር፣ ዝቅ ነው። ይቅርታ ሳትል ወጣች። የእኔንም አየች፤ ተመስገን። ትራንስፎርመሩ ግን ማቃሰቱን አልተወም፣ ፉጨቱም አለ። ራሷን ወዲያ ወዲህ አዞረችና በድንገት ቀጥ አለች። ፉጨቱ ከራሷ ጋራዥ ነበር።

ሮጠን ገባን። ሞጋን ረጅሙን የአፍንጫ ቱቦ ከመኝታ ቤት ድረስ እየጎተተ መጥቶ፣ ነጩን ሣጥን ተደግፎ ቆሟል። ጣቱ አዝራሩ ላይ ነው። ባትሪው ሃያ በመቶ ይላል።

“ማነው የነካው?”

“እኔ ነኝ፣ ኮጊ።” ትንፋሹን ሰበሰበ። “ያን ቀን አሥራ ዘጠኝ ሲል አይቼዋለሁ። ፈራሁ። ቶሎ ቢሞላልኝ ብዬ ነው።”

ውጭ ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩ ላይ ተደግፎ ስድቡን ይጠብቃል፤ አይመጣም። እጇን በእጁ ላይ አድርጋ ጣቱን ከአዝራሩ ላይ አነሳች። የፍጥነቱን ቁጥር ወደ ታች ወሰደችው። ፉጨቱ ወረደ፣ ወረደ፣ ጠፋ። ጥጉ ላይ ያለው ማቃሰትም አብሮ ሲለዝብ ሁላችንም ሰማን።

የቀለም ቆርቆሮ ጎትታ ሣጥኑ ፊት ተቀመጠች። ሞጋንን እኔ ባመጣሁለት ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

“እንዲህ በጠብታ የሚሞላው መቼ ነው?” አላት።

“እስኪሞላ። እዚሁ ነኝ።” ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረች፣ ድምፁም ተመለሰላት፤ ተመስገን። “ራጅፓል! ይቅርታ! አሁን ከአጥሬ ላይ ውረድ፣ ልትሰብረው ነው!”

አሥር ደቂቃ አለፈ። አሥራ አምስት አለፈ። ትራንስፎርመሩ አልፈነዳም።

“ሃያ አንድ” አለ ሞጋን።

“አትቁጠርብኝ! እኔ እጠብቀዋለሁ፣ አንተ ዝም ብለህ ተንፍስ!”