የደጊቱ ዋስትና

የእንጅባራ ሰው ደጊቱን የሚያውቃት በቅቤዋ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ማልዳ ተነሥታ በእግሯ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ትሄዳለች፤ ከባላገር ሴቶች ቅቤ ገዝታ በማግሥቱ ተሸክማ ትመለሳለች። ድንች ደፍጥጦ ላዩን ቅቤ የሚለስን ሞልቷልና፣ እያንዳንዱን ቅል ቀጭን እንጨት ሰክታ፣ አሽትታ ነው የምትገዛው። በአውራ ጎዳናው ለሚያልፉ ነጋዴዎች የሸጠችው ቅቤ አንድም ቀን ተመልሶባት አያውቅም።

ባሏ ገበየሁ በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ክረምት ሲሞት ልጅ አልተወላትም። የተወላት ከባለሱቁ ከአቶ ሀብቱ የተበደረውን ስድሳ ብር ነው። ብሩ በየወሩ ስድስት ብር ይወልዳል። ደጊቱ የባሏን ተዝካር በንፍሮና በጠላ ብቻ አወጣች፤ ዘመድ አኩርፎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ግድግዳዋ ላይ ሦስት ትንንሽ ቅሎች ሰቀለች፤ አንዱ ለዕዳው፣ አንዱ ለቤት ኪራይ፣ አንዱ ለመነገጃ። ለጉሮሮዋ የተሰቀለ ቅል አልነበረም። ድንች ቀቅላ በጨው ትበላለች፤ ቅቤ ሲሸጡ ውሎ ቅቤ ሳይቀምሱ ማደርን ለመደችው።

ከሁሉ የከበዳት የማርያም ማኅበሯ ነው። የድግስ ተራዋ ሲቃረብ የሚፈጀውን እህልና ጌሾ አሰላችና ወደ ማኅበሩ መሪ፣ ወደ ሙሴው ሄደች።

«ለጊዜው ልለፍ፤ ዕዳዬን እስክከፍል ነው» አለቻቸው።

«እመቤታችን ታውቃለች» አሉ ሙሴው። ከዚያ ወዲህ ወሩ በገባ በሃያ አንድ ቀን ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አጣፍተው በበሯ ሲያልፉ፣ እሷ ከውስጥ ሆና ታዳምጣቸዋለች።

በሦስተኛው ዓመት ዕዳዋን ጨረሰች፤ አቶ ሀብቱ የብድሩን ወረቀት ቀደው ሰጧት። «ደጊቱ፣ እንዳንቺ ያለ ተበዳሪ አላየሁም» አሏት። ደስ ብሏት ሄደች።

የዕዳው ቅል ያን ጊዜ የቤት መሥሪያ ቅል ሆነ፤ የማኅበሯም ተራ ቤቱ እስኪቆም ቆየ። የምትኖረው በእሜቴ እታለማሁ ግቢ በአንዲት ክፍል ነው። የጣሪያው ሣር ያፈስሳል፤ እሜቴም በመጡ ቁጥር «ቅቤሽ ቤቴን አገማው» ይሏታል። ከግቢው በስተጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ በመቶ ሃያ ብር ሊሸጡላት በሁለት ሽማግሌዎች ፊት ተስማሙ፤ ብሩ ተጠቃሎ የሚሰጠው ለሃምሳ ሰባት ፋሲካ ነው። እሷም በየጊዜው ሁለት ሦስት እያለች ሃያ ቆርቆሮ ገዝታ ከመደቧ ኋላ አቆመች። በሃምሳ ስድስት ሰኔ ሲገባ ቅሉ ውስጥ ሃምሳ አምስት ብር ነበር።

በዚያው ሰኔ ታናሽ ወንድሟ ወርቅአየሁ ከሚኖርበት ከዘንገና መጣ። እናታቸው ስትሞት ገና ጡት አልጣለም ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ቁጭ አለና በአገውኛ ጀመረ።

«እቴ፣ አንዱ በሬዬ ሞተ። መሬቱ ሳይታረስ ሊያልፍ ነው።»

«እህስ?»

«አቶ ሀብቱ በሬ በዱቤ ሊሰጡኝ ነው፤ ሰባ ብር፣ በወር ሰባት ብር ወለድ፣ ለጥር የሚከፈል። ዋስ ጥራ አሉኝ።»

«ታዲያ ከሰፈርህ ሰው አትጠራም?»

«ጠርቼ ነበር። እሳቸው ግን የደጊቱ ስም ነው የሚበቃኝ አሉ።»

ደጊቱ አይሆንም ልትል አፏን ከፈተች። አራት ልጆቹ፣ ሚስቱ ስሜነሽ፣ የአባታቸው ማሳ ሁሉ ፊቷ ላይ ተደቀኑ። ነጠላዋን አነሣችና ተከትላው ወደ ሱቁ ሄደች። አቶ ሀብቱ ወረቀቱን ሲያነቡላት ያዳመጠችው በግማሽ ልቧ ነው፤ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች።

በሬው ክረምቱን አረሰ። መስከረም ሲጠባ አባ ሰንጋ የሚሉት በሽታ በዘንገና ገባና በአንድ ሌሊት ነፍቶ ጣለው። ሥጋው እንኳ አይበላም፤ ከነቆዳው ቀበሩት። ወርቅአየሁ ያመረተው ገብስም ከልጆቹ አፍ የሚተርፍ አልሆነም። በጥር መጥቶ ደጃፏ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«ምን ላድርግ እቴ?» አለ።

«እኔ ምን አውቄ» አለችው። ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ ከስቶ ኩታው ትከሻው ላይ ሲንጠለጠል ብታይ ቁጣው ከየት ይምጣ።

አቶ ሀብቱ ከሰሱና አጥቢያ ዳኛው ፊት ቀረቡ። ዳኛው ወረቀቱን አይተው «ጣትሽ ነው?» አሏት። «አዎ ጌታዬ።» ሌላ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ዕዳው ከነወለዱ መቶ አሥራ ሁለት ብር ደርሷል። እስከዚያ በቅሉ የተጠራቀመውን ዘጠና ብር ቆጠረች፤ የቀረውን ስድስት ቆርቆሮ ሸጣ ሞላች። አቶ ሀብቱ «እኔም አዝናለሁ፤ ግን ንግድ ነው» አሏት፤ ያዘኑም ይመስሉ ነበር።

ወደ እሜቴ እታለማሁ ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። «አንድ ዓመት ይጠብቁኝ፤ እርስዎ እናቴ ነዎት።»

«ቃላችን ለፋሲካ ነበር ልጄ። እኔም የማስተምረው ልጅ አለኝ፤ ገዥ መጥቷል» አሉና አነሧት።

ከፋሲካ በኋላ አንድ መምህር ቦታውን በመቶ ሠላሳ ገዛና መሠረት ማስቆፈር ጀመረ። የቆፋሪዎቹ ዶማ ከመደቧ ኋላ ካለው ግድግዳ ማዶ ሲያርፍ ተነሥታ የተሰቀሉትን ቅሎች ትይዛለች። ሰውየው አልበደላትም፤ ሲያልፍ ሲያገድም ባርኔጣውን አንሥቶ እንደምን አደርሽ ይላታል። እሷም እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች። የተረፉትን አሥራ አራት ቆርቆሮዎች በስንት እንደምትሸጥለት ሲጠይቃት ግን «እስቲ ልየው» አለችና በሯን ዘጋች። በሳምንቱ ሸጠችለት፤ ኪራይ ደርሶባት ነበር።

ቤቱ ከግድግዳዋ ማዶ ሲቆም ማየት ከብዷት፣ ግንቦት ላይ ከገበያው ማዶ ሌላ ክፍል ተከራየች። ዕቃዋን የጫነላት ወርቅአየሁ ነው፤ ፈረሱን ይዞ ሳትጠራው መጣ። አጎዛዋን፣ የቅቤ ቅሎቿን፣ ሁለት ማሰሮ፣ አንድ ሣጥን ጭኖ በመጫኛ አሰረ። አዲሱ ደጃፍ ሲደርሱ ዕቃውን አወረደና ከኩታው ጫፍ ሁለት ብር ፈታ።

«በየዓመቱ እየከፈልኩ እጨርሰዋለሁ» አለ።

ደጊቱ ብሩን አየችው፤ ወንድሟንም አየችው። እምቢ ብትለው ከዚያ ወዲያ ደጇን እንደማይረግጥ አወቀች። እጇን ዘርግታ ተቀበለችውና «ፈረሱን ውኃ አጠጣው፤ ደክሟል» አለችው።