የአባቴ ኪሎና የሙክቱ ጀርባ

አባቴ ዛሬም ከሰፈራችን ከሄሉ እስከ ከብት ገበያው በእግሩ ሄደ። እኔ ከኋላው ነበርኩ። በሞተር ሰው የሚያመላልሱት የቦዳቦዳ ልጆች ሞተራቸውን እያጓሩ "ምዜ፣ አባባ፣ ና ውጣ!" ሲሉት በከዘራው አባረራቸው። ከደስታ ብዛት ብቻዬን ሳቅሁ። ይህን ደስታ ለመጻፍ ግን ከወንድሜ መጀመር አለብኝ። ከእሱ መጀመር ደግሞ... ይከብደኛል።

ታላቅ ወንድሜ ፍየል ነጋዴ ነበር። እጅና እግሩ ቀጫጭን፣ ሆዱ ብቻ ጠንክሮ ወደ ፊት የወጣ። "ማሻአላህ፣ ተመችቶሃል!" ይሉታል። እሱም ሆዱን መታ መታ አድርጎ "የሞያሌ ባንክ ነው" ይላል። ኪሎው ብዙ ስላልነበር ማንም አልሰጋለትም። ባለፈው ዓመት ፍየል ሲያስጭን ደረቱን ይዞ ተቀመጠ። አልተነሳም። ልቡ ነው አሉን። አላህ ይርሀመው። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ከቀብሩ በኋላ ዓይኔ አባቴ ላይ ቀረ። ያው ሆድ። ያው ቀጭን እግር።

ከዚያ ማንያታ ሰፈር ያለችው ትንሽ ክሊኒክ አዲስ ሚዛን አመጣች። በባዶ እግር ይቆሙበታል፣ መያዣውን በሁለት እጅ ይጨብጣሉ፣ የማይሰማ ኤሌክትሪክ በሰውነት ያልፋል። ከኪሎው ስንቱ ስብ፣ ስንቱ ጡንቻ እንደሆነ ይገምታል። ነርሷ አስረዳችኝ፤ ሆድ ውስጥ ገብቶ ጉበትንና አንጀትን የሚከብ ስብ ከቆዳ ሥር ካለው ይብሳል፣ ስኳርና የደም ግፊት ይጠራል፣ ልብንም ይጎዳል። ቀጭን የሚመስል ሰውም ሊኖረው ይችላል። እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

"አባ፣ ተነስ እንሂድ!"

"የት? ኪሎዬ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ አልተለወጠም። ሚዛን ይዋሻል እንዴ?"



መልሱን ገበያ ላይ ራሱ ሰጠኝ። አባቴ ደላላ ነው። አንድ የዳበል መንደር ሰው ሙክት አምጥቶ ሚዛን ላይ አወጣ። ኪሎው ጥሩ ነበር። አባቴ ሚዛኑን አላየም፤ ጣቶቹን ሙክቱ ጀርባ ላይ አሳርፎ ጫን ጫን አደረገ።

"ጨው አልሰህ ውሃ አጠጥተኸዋል።"

"ወላሂ ሐጂ፣ ሚዛኑን እይ!"

"ሚዛኑማ እውነቱን ነው፣ ውሃውንም መዝኗል! ሆዱ ከበሮ፣ ጀርባው መጋዝ።"

ሳላስበው "አባ፣ ያንተስ ጀርባ?" አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀው የሙክቱ ባለቤት ነው። "ልጁ እውነቱን ነው! ና ሐጂ፣ እኔም ልዳብስህ!"

አባቴ ተቆጣ። ከዚያ እጁ ወደ ጭኑ ወረደ። ጨበጠው። ጣቶቹ ልል ሥጋው ውስጥ ገቡ።

"ወንድምህም እንዲህ ነበር?" አለ ቀስ ብሎ።

"እንዲህ ነበር፣ አባ።"

"በል ምራኝ።"

ክሊኒኩ ውስጥ ጫማውን ሲያወልቅ "ይሄ ኤሌክትሪክ ቢይዘኝ እናትህን ምን ትላታለህ?" አለኝ።

"ምዜ፣ አይዞህ፣ እዚህ ተመዝኖ የታረደ የለም" አለችው ነርሷ።

ኪሎው ያው የሠርጉ ኪሎ ሆነ። አባቴ በኩራት አየኝ። ነርሷ ግን ወደ ታች እያነበበች ሄደች፤ ጡንቻው ከስቷል፣ በቦታው ስብ ገብቷል፣ አብዛኛውም ሆዱ ውስጥ። "ማሽኑ በሽታ አይናገርም፣ የት እንደምንፈልግ ይጠቁመናል" አለች። ወገቡን በሜትር ለካች፣ ግፊቱን አየች፣ ከጣቱ ደም ወሰደች። ግፊቱ ከፍ ብሏል። ስኳሩም መውጣት ጀምሯል።

"በጊዜ መጥታችኋል" አለች።

ዘለልኩ! አባቱ ግፊት አለበት ተብሎ የሚዘልል ልጅ እንዳላየች ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። እኔ የሰማሁት ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፦ በጊዜ። ለወንድሜ ማንም ያላለው ቃል።

አሁን ኪኒኑን ይውጣል። ሻዩን ያለ ስኳር እየተሳደበ ይጠጣል። በእግሩ ይሄዳል፣ የሣር እስር ራሱ ያነሳል።

ዛሬ ገበያው በር ስንደርስ መኪና ወደሚጫንበት ቦታ፣ ወንድሜ ደረቱን ይዞ ወደ ተቀመጠበት፣ ትንሽ ቆሞ አየ። ከዚያ ጭኑን ወደ እኔ አዞረ።

"ዳብስ። ዋጋ ያወጣል?"

ዳበስኩት። ጠንከር ብሏል።

"ገና ነው፣ አባ" አልኩት። "ነገም በእግራችን ነን።"