ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ ወደ ጭንቅላቴ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ የምጠይቀው እሱን ነበር። ሽንኩርት ለምን ያስለቅሳል? ድመት ከላይ ስትወድቅ እንዴት በእግሯ ትቆማለች? ጨረቃ አንዳንድ ጊዜ በቀን የምትታየው ለምንድን ነው? እሱ የማያውቀውም ቢሆን የሆነ ነገር ፈጥሮ ይመልስልኛል። «ውሸትህን ነው» እለዋለሁ። «አልዋሸሁም» ይላል። እንዲህ ስንከራከር ራት ይደርሳል።

እሱ ከሞተ በኋላ ለልጄ መደወል ጀመርኩ። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፤ አጋሚም በሚባል ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ከባሏና ከሁለት ሕፃናት ጋር ትኖራለች። እኔ ያለሁት በዚያው በባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ራማት ኤሽኮል የሚባል ሰፈር ነው። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለች ደወልኩና «የእንቁላል አስኳል አንዳንዱ ነጣ ያለ፣ አንዳንዱ ደግሞ ብርቱካን የሚመስለው ለምን ይሆን?» አልኳት። እኔ በአማርኛ ጠየቅኋት፤ እሷ እንደ ልማዷ በዕብራይስጥ መለሰችልኝ፤ «እማዬ»ን እንኳ «ኢማ» ነው የምትለው።

«ኢማ፣ ስልክሽን ጠይቂው። ስብሰባ ላይ ነኝ።»

በቁጣ አልነበረም። በሚቀጥለው ሰንበት ስትመጣ አጠገቤ ተቀምጣ፣ የትኛውን ምልክት ነክቼ እንደምናገር አሳየችኝ። ማንበብ ስለሚያዘግመኝ መልሱ በድምፅ እንዲነበብልኝም አደረገች።

ከዚያ ወዲህ ከስልኩ ጋር ሆንኩ። ዐይኔ ሲርገበገብ እናቴ «ሰው ልታዪ ነው» ትለኝ ነበር፤ ስልኩ ግን ድካም ነው አለኝ። ማር ለምን እንደማይበላሽ፣ ጣት ውሃ ውስጥ ሲቆይ ለምን እንደሚጨማደድ፣ ጉንዳን ለምን በሰልፍ እንደሚሄድ፣ ሁሉንም ነገረኝ። ነገር ግን ከባለቤቴ ጋር ግማሽ ሰዓት የሚወስደን ነገር በአንድ ትንፋሽ ያልቅና ቀኑ እንዳለ ይቀራል። ያኔ ሌላ ጥያቄ እፈልጋለሁ።

ከግድግዳዬ ማዶ ከሩስያ የመጡ አንዲት አሮጊት ይኖሩ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ተጎራብተናል። የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሳይረን ሲጮኽ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን የፍንዳታውን ድምፅ ጠብቀናል፤ ሲያበቃ «ሻሎም» ተባብለን ወደየቤታችን እንገባለን። የእሳቸው ዕብራይስጥ የገበያ ነው፣ የእኔ ደግሞ የሥራ። ዕብራይስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለውም፤ ስለዚህ በአፌ «አንቺ» እያልኩ በልቤ «እርስዎ» እላቸዋለሁ። ከዚህ በላይ የማውቀው፣ ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ለአንዲት ግራጫ ድመት ምግብ እንደሚያስቀምጡ ብቻ ነበር።

የሕፃናት መዋያ ወጥ ቤት ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን እሠራለሁ። ሐሙስ ዕረፍቴ ነው። በዚያ ሐሙስ ጠዋት ልብስ ሳጥፍ ግድግዳው ውስጥ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ነገር ሰማሁ። ቆም ይልና እንደገና ይጀምራል። ብረት በብረት ሲመታ ይመስላል፤ የሚመጣውም ከመታጠቢያ ቤቱ በኩል ነው። ገርሞኝ ስልኬን አነሣሁ።

«ግድግዳ ውስጥ ያለ የውሃ ቱቦ ለምን ይንኳኳል?» አልኩት።

ቱቦው ውስጥ አየር ገብቶ ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። አየሩ እንዲወጣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍቼ ለጥቂት ደቂቃ እንዳፈስ መከረኝ። የወጥ ቤቱን፣ የመታጠቢያውን፣ የሻወሩን ከፈትኩ። ውሃው ሲወርድ ቆየ። ስዘጋው ድምፁ ጠፍቷል። የቧንቧ ሠራተኛ ሳልጠራ ጉዳዩን በመጨረሴ ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ባለቤቴ ቢያየኝ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ድምፁ ተመለሰ። አሁን ደከም ያለና የተራራቀ ነበር። የተረፈ አየር ነው ብዬ የሻወሩን ቧንቧ ደግሜ ከፈትኩ። ከዚያ በኋላ አልሰማሁም።

ዓርብ ጠዋት ለቅዳሜ ሰንበት የሚሆን ነገር ልገዛ ስወጣ ግራጫዋ ድመት የጎረቤቴ በር ላይ ቁጭ ብላ ትጮኻለች። ሳህኗ ባዶ ነው። ቆሜ አየኋትና እጄ ከልማዱ ስልኬን አወጣ። «ድመት የተዘጋ በር ላይ ለምን ትጮኻለች» ልል አፌን ከፈትኩ። ግማሹን ብዬ ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

በሩን መታሁት። ዝም አለ። «ጎረቤትሽ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩና እንደገና መታሁ።

ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ መለሰልኝ። ኳ። ኳ። ኳ።

አምቡላንስ ስጠራ ስልኩን ያነሣችው ልጅ «ሴትዮዋ ይናገራሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ያንኳኳሉ» አልኳት። እሳት አደጋዎች መጥተው በሩን ሰብረው ገቡ። አሮጊቷ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተጋድመዋል፤ ዳሌያቸው ተሰብሯል። እጃቸው ላይ የሻወሩን የብረት እጀታ ይዘዋል፤ ቱቦውን ሲመቱ የነበረው በዚያ ነው። ሐሙስ ማለዳ ነበር የወደቁት። በቃሬዛ ሲያልፉ ዐይን ዐይኔን አዩኝ፤ እኔ ግን ዐይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

ለልጄ ደውዬ ነገርኳት። እሷም በአማርኛ፣ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ፣ «እማዬ፣ አንቺ ብትወድቂ ማን ይሰማል?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ትደውል ጀመር። «ተነሣሽ?» ትለኛለች፤ «ተነሣሁ» እላታለሁ። ሦስት ሳምንት ያህል ሳታቋርጥ ደወለች። ከዚያ ልጆቹ ታመሙ፣ ሥራ በዛባት፤ አሁን በመልእክት አንዲት ልብ ትልክልኛለች።

በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ሄድኩ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ትራስ ተደግፈዋል። ልጃቸው ከሰሜን መጥቶ ኖሮ ቡና ሊገዛ ወጥቷል። ብርቱካን ላጥኩላቸው። ሁለት ክፋይ እስኪበሉ ጠብቄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁትን ተናገርኩ።

«ሐሙስ ዕለት ሰምቼዎት ነበር።»

ማኘካቸውን ተዉ።

«ቱቦ መሰለኝ። ስልኬን ጠየቅሁት። አየር ነው አለኝ።»

«አየር?»

«አዎ። ቧንቧ ክፈቺ አለኝ፣ ከፈትኩ።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ቦርሳዬን ወደ እኔ ሳብኩ።

«ውሃውን ሰማሁት» አሉ፣ በዚያ በአጭር ዕብራይስጣቸው። «ቤት አለች፣ ትታጠባለች አልኩ። ታጥባ ስትጨርስ ትመጣለች አልኩ።» ብርቱካኑን ሳህኑ ላይ መለሱት። «ለዚህ ነው ማንኳኳቱን የተውኩት። እንድትጨርሺ።»

ያን ስሰማ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም፤ እጄንም አልያዙኝም። ሶፍት ከሳጥኑ መዝዘው ሰጡኝና «እንግዲህ መጣሽ» አሉኝ። ይቅርታ ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ልጃቸው ሰሜን፣ እሱ ባለበት ከተማ፣ የአረጋውያን ቤት አስገባቸው። ዕቃውን ሊጭን የመጣ ዕለት ድመቷ ምን እንደምትሆን ጠየቀኝ፤ እኔ ጋ ትብላ አልኩት። በራፌ ላይ ትበላለች፣ ግን ወደ ውስጥ አትገባም። ከግድግዳው ማዶ ያለው ቤት እስካሁን ተከራይ አላገኘም።

ዓርብ ዓርብ እደውልላቸዋለሁ። ብዙ አናወራም፤ ቃል ያጥረናል። ምን ተበላ፣ ብርድ አለ ወይ፣ እንባባላለን፤ ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ይዘን እንተነፍሳለን። ባለፈው ዓርብ «ባሕሩ እንዴት ነው?» አሉኝ። እዚያ ከመስኮታቸው ተራራ ብቻ ነው የሚያዩት። ወደ ባሕሩ ከወረድኩ ወራት ሆኖኝ ነበርና «አላየሁትም» አልኳቸው።

እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነው፤ ከሥራ ስወጣ አፍሪዳር በሚባለው ሰፈር በኩል በእግሬ ወደ ባሕሩ ወረድኩ። ነፋስ ነበር፤ ውሃው ደፍርሶ አሸዋውን ይዞ ይመለሳል። አንድ ሰውዬ ብቻውን ዓሣ ያጠምዳል፤ ባልዲው ባዶ ነው። ለዓርብ እንዳልረሳው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ደፍርሷል፣ ነፋስ ነው፣ አንድ ሰው አለ እያልኩ በዕብራይስጥ ቃሎቹን ለማስታወስ ሞከርኩ። «ደፈረሰ»ን ምን እንደሚሉት ጠፋኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ሲመሽ ብርድ ሲመታኝ ተነሥቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።