ጫሞ ላይ ጀልባ ስንመርጥ

ጫሞ ሐይቅ ዳርቻ ሄዶ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ገና ከባጃጅ ሳትወርዱ አስጎብኚዎች ይከቧችኋል። «የአዞ ገበያ ነው?» ይላሉ፤ አዞዎቹ ፀሐይ ሊሞቁ የሚሰበሰቡበትን ቦታ ማለታቸው ነው። እናቴ ግን አዞ ልታይ አልመጣችም። ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር እዚሁ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ጀልባቸው ተገለበጠ። ጓደኞቹ ዋኝተው ወጡ፤ እሱ ግን ሬሳውም አልተገኘም። እናቴ ለቅሶ አልቀመጥም አለች። ሊያጽናናት የመጣውን ጎረቤት ሁሉ «ማን ሞተና ነው?» እያለች ከደጅ መለሰችው። ምዕራብ ዓባያ እሱን የሚመስል ሰው ታየ ሲሏት ተነስታ ትሄድ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ ጠዋት «ጫሞ ውሰጂኝ፤ ቁርጤን ልወቅ» አለችኝ።

የመጀመሪያው ባለጀልባ ጉማሬም አዞም አሳያችኋለሁ አለን።

«ጉማሬ ምን ያደርግልኛል?» አለችው።

ሌላው ስለ አዲስ ሞተሩ አወራ፤ ወዲያው ደርሰን እንመለሳለን አለ። እሱንም ትታው ሄደች። እኔን ደግሞ ፀሐዩ አናቴን ሊበሳው ደርሷል። «እማዬ፣ ጀልባ ያው ጀልባ ነው! አንዱን ያዢና እንሂድ» ብዬ ተቆጣሁ። ዞራም አላየችኝ።

የዛፍ ጥላ ሥር መረብ የሚጠግን ጎልማሳ ዘንድ ደረሰች። በጋሞኛ ቅላጼ «የት ልውሰድዎ፣ እናቴ?» አላት።

«ልጄ... ውሃው...» አለችና በእጇ ወደ ሐይቁ አመለከተችው።

ሰውየው መረቡን አስቀመጠ። «ጀልባው የተገለበጠበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ስንደርስ ሞተሩን አጠፋለሁ» አላት።

«በዚህ ሰውዬ ጀልባ ነው የምንሄደው» አለችኝ።

ቦታው ላይ ስንደርስ እንዳለው ሞተሩን አጠፋው። ውሃው ድፍርስ ነው፤ ወደ ታች ቢያዩት ምንም አይታይም። እናቴ እጇን ልትነክር ጎንበስ ስትል ባለጀልባው ቀስ ብሎ «አዞ አለ፣ እናቴ» አላት። እጇን ሰበሰበች። ትጮሃለች፣ ደረቷን ትደቃለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን ውሃውን ብቻ አየች።

«ልጄ እኮ ዋና ይችል ነበር» አለች።

ስለ ወንድሜ ስታወራ «ነበር» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠችኝ።

«አዘቅዝቂልኝ» አለች።

እዚያው ጀልባው ላይ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ አለበስኳት።