እናቴ የፈረመችው ጥፋት

ባለፈው ሳምንት ጫልቱ ደወለችልኝ። ጫልቱ ከሃይስኩል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፤ የያኔ የክፍላችን ልጆች የተሰባሰቡበትን የቴሌግራም ግሩፕ የምታንቀሳቅሰውም እሷው ናት። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ስለሆነ ሁላችንም አንዳንድ የምስጋና መስመር እንድንጽፍ፣ በአልበም ታትሞ እንደሚሰጣቸው ነገረችኝ። "አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው" አለችኝ። ምን ቆርጦኝ ነው የምጽፈው? ላለመጣላት ብዬ "እሺ፣ አያለሁ" አልኳትና ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ግሩፑን ከፍቼ የተጻፈውን አንድ በአንድ አነበብኩት። አባታችን ነዎት፣ ብርሃናችን ነዎት፣ እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ የት እንደርስ ነበር። ደሜ ፈላ። ያን ቀን ምሳዬንም ሳልበላ ዋልኩ።

ስማቸውን እዚህ አልጠራም፤ መምህሩ ልበላቸው። አንቱ የምላቸውም ለዕድሜያቸው ብዬ ነው እንጂ ለሌላ እንዳይመስላችሁ።

ልጅ ሆኜ እጄ አይታዘዘኝም ነበር። የጫማዬን ክር በወጉ ማሰር የቻልኩት አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ውሃ ስቀዳ ግማሹ መሬት ይጠጣዋል፤ ብርጭቆ በእጄ ከገባ እናቴ ትንፋሿን ትይዛለች። የሰፈር ልጆች ገመድ ሲዘሉ መዝለል ስላልቻልኩ አዟሪ አደረጉኝ፣ እሱንም አዛብቼ ተባረርኩ። ዛሬ ለዚህ ስም አለው። የእህቴ ልጅ ትንሹን ልጇን ሐኪም ዘንድ ወስዳው ዲስፕራክሲያ ነው ተብላ መጣች፤ አእምሮ የሚፈልገውን እጅና እግር በወጉ አልፈጽም የሚሉበት ችግር ነው አለችኝ። ምልክቶቹን ስትቆጥርልኝ የራሴን ልጅነት የምታነብልኝ መሰለኝ። በእኔ ጊዜ ስሙ "ዝርክርክ" ነበር፤ ሐኪምም አላስፈለገውም፣ ያገኘኝ ሁሉ ይነግረኝ ነበር። በኋላ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ኮምፒዩተር ሲመጣልን ነው እፎይ ያልኩት። የፈጠረውን ሰው እግዜር ይስጠው።

ከሁሉ የከፋው ከሰሌዳ መገልበጥ ነበር። ቀና ብዬ አንድ ቃል አይና ወደ ደብተሬ ስመለስ ቃሉ የለም። እንደገና ቀና ስል ደግሞ የቱ መስመር ላይ እንደነበርኩ ይጠፋኛል። እጄ ሁለት ፊደል ጽፎ ሳይጨርስ መምህሩ ሰሌዳውን ያጠፋሉ። በዚህ መሀል ጭንቅላቴ ድርግም ይላል። ላጋንን ብዬ አይደለም፤ ቤት ውስጥ መብራት ሲጠፋ እንደሚሆነው ነው፣ ዕቃው ሁሉ ያለበት አለ፣ እኔ ግን አላየውም። በዚያ ሰዓት ስምሽ ማነው ብባል እንኳ አስቤ ነው የምመልሰው።

መምህሩ ደብተር እየሰበሰቡ ያርሙ ነበር፤ ለንጹሕ ደብተር ማርክ አለው። አንድ ቀን የእኔን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ለክፍሉ አሳዩና "ይቺ ዶሮ ቀጥራ ነው የምታስጽፈው" አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደብተሩን ከፊት እስከ ኋላ እንዲዞር አደረጉት፤ ስልሳ ልጅ አንድ በአንድ አገላብጦ ሲስቅ እኔ ቆሜ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ መጻፍ ተውኩ። ደብተሬ ላይ ከስሜ በቀር ምንም አልነበረም።

ከገባሁበት ቅርቃር ያወጣችኝ ጫልቱ ናት፤ ይሄን አልክድም። ቤታቸው የካ ዳገቱ ላይ ነበር፣ ለጥናት ግን ቀበና እኛ ቤት ትወርዳለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ማትሪክ ከፊታችን ነው። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ለማጥናት ስታገል ያ ነገር ድርግም አለብኝና በንዴት ብድግ ብዬ ከቤት ወጣሁ። ጫልቱ የራሷን ደብተር እንደከፈተች፣ ጮክ ብላ እያነበበች ተከተለችኝ። ልታበሽቀኝ መስሎኝ ፈጠን አልኩ፤ እሷም ፈጠነች። ከቀበና ድልድይ ተነስተን፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮንን አልፈን፣ በባሕር ዛፉ መሀል እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እስክንደርስ አላቆመችም። እዚያ ቁጭ ብለን ስናለከልክ፣ ያነበበችውን ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ መለስኩላት። ሁለታችንም ደነገጥን።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሁድ ሥራችን ዳገት መውጣት ሆነ። ለካስ የእኔ ጭንቅላት የሚከፈተው እግሬ ሲንቀሳቀስ ነው። የቱን ትምህርት የት ቦታ እንደሰማሁት አውቅ ነበር፤ ስለ ንፋስ ያለው ሁሉ ከትልቁ ድንጋይ እስከ ምንጯ ነው፣ የሕዝብ ብዛት ደግሞ ከምንጯ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር። የጫልቱ እናት ጩኮ ይቋጥሩልን ነበር፤ ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በቅቤ የታሸ። የበልጉ ዝናብ ሲመታን ዛፍ ሥር ተጠግተን እሱን እንበላለን፣ የረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ አፍንጫችን ውስጥ ይገባል። እንዲያውም አንዱን ጉድ እዚያ ነው ያጠናነው። ጫልቱ ከሰሌዳ ስትገለብጥ ተሳስታ፣ ዝናብ የሚመታውን የተራራ ጎንና ዝናብ የማይደርሰውን ጎን አቀያይራ ጽፋዋለች። እኔም ዝናብ እየወረደብኝ፣ ተራራ እየወጣሁ፣ የተገላቢጦሹን ሸመደድኩት።

ከማትሪክ በፊት ትምህርት ቤቱ የሙከራ ፈተና ሰጠ። ምርጫ ብቻ ነው፣ ጽሑፍ የለውም። በጂኦግራፊ ጫልቱ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ ወጣን። መምህሩ ጠሩኝ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተው ሁለታችንም የተሳሳትናቸውን ሦስት ጥያቄዎች አሳዩኝ፤ ሦስቱም ስለዚያ ተራራ ናቸው፣ ሦስቱም ላይ የመረጥነው አንድ ነው። ኮርጀሻል አሉ። ያጠናሁት ከጫልቱ ደብተር እንደሆነ ነገርኳቸው። የራስሽን አሳዪኝ አሉ። ያው ባዶ ነው። ጫልቱ ገብታ ስህተቱ የተጻፈበትን ገጽ አሳየቻቸው፤ ጓደኛሽን ለማዳን ነው ብለው አስወጧት። የእሷን ወላጅ አልጠየቁም። እኔን ግን እናትሽን ይዘሽ ካልመጣሽ ለማትሪክ አትቀመጪም አሉኝ።

እናቴ ወፍጮ ቤት ነበር የምትሠራው። ከሥራዋ በቀጥታ መጣች፤ ሽፋሽፍቷ ላይ ዱቄት አለ፣ ነጠላዋ በርበሬ በርበሬ ይላል። መምህሩ አስነጠሱና ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። ከዚያ "አንቺ" አሏት። በዕድሜ እኩያቸው ናት፣ የሰው እናት ናት፣ አንድ ቀን አይተዋት አያውቁም፤ "አንቺ" አሏት። እሷ "እርስዎ" እያለች ትመልሳለች።

በፊቷ ሊያዋርዱኝ ፈልገው፣ በእርግጥ የምታውቂው ከሆነ እስቲ አሁን ልጠይቅሽ አሉ። ስለ ንፋስ ነበር፤ ከትልቁ ድንጋይ እስከ ምንጯ። ሁሉንም አውቀዋለሁ። ግን ቆሜ ነው፣ እናቴ ታየኛለች፣ እሳቸው በእርሳስ ጠረጴዛውን ይመታሉ። ድርግም አለ።

"ቲቸር፣ እየተራመድኩ ልመልስልዎት" አልኳቸው።

"ፈተና ነው ወይስ ጥምቀት?" አሉ።

ወረቀቱን አስቀድመው ጽፈውት ነበር። ልጄ በፈተና ላይ ኮርጃ ጥፋተኛ ሆና ተገኝታለች፣ ዳግመኛ ብታጠፋ ከትምህርት ገበታ ትሰናበት ይላል። እናቴ ማንበብ ስለማትችል አነበቡላት። እኔ "እማዬ፣ አልኮረጅኩም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው" እያልኩ እምላለሁ። ዞር ብላ አላየችኝም። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

"አጥፍታለች ጌታዬ። ልጅ ናት፣ ይቅር ይበሉልኝ" አለች።

አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ነክራ ወረቀቱ ላይ አተመችው።

ወደ ቤት ስንሄድ ቀለሙን በነጠላዋ ጫፍ ብትጠርገውም አልለቀቀም። እኔን ግን አንድ ነገር አጽናናኝ። ብልህ ስለሆነች ነው አልኩ፤ እንዳላጠፋሁ ታውቃለች፣ ፈተናው እንዳያመልጠኝ ብላ እሺ አለቻቸው አልኩ። ያን ሐሳብ ሙጥኝ ብዬ ይዤ ለማትሪክ ተቀመጥኩ።

መልስ የሚሰጠው ትንንሽ ክብ በእርሳስ በማጥቆር ነው። ለሌላው ምንም አይደለም። እኔ አንድ መስመር ከዘለልኩ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይዛባል። ጫልቱ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር አድርጊ፣ እየሸፈንሽ ውረጂ ብላ አለማምዳኝ ነበርና እንደዚያ አደረግኩ። ጂኦግራፊው መሀል ላይ ስደርስ ግን ያ መብራት ጠፋ። ተነስቶ መራመድ የለም፤ ፈታኙ በር ላይ ቆሟል። ጫማዬ ከአክስቴ ልጅ የወረስኩት ሰፊ ጫማ ነበር። ውስጡ ጣቶቼን ማንቀሳቀስ ጀመርኩ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ከቀበና ድልድይ ተነሳሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ዳገቱን ይዤ ትልቁ ድንጋይ ጋ ስደርስ የጫልቱ ድምፅ መጣልኝ። ፈታኙ ምን ሆነሽ ነው አለኝ፤ እግሬን ደንዝዞኝ ነው አልኩት። በጣቶቼ እየተራመድኩ ኪዳነ ምሕረት ደረስኩ፣ ወረቀቱም አለቀ።

ውጤት የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አልፌ ነበር፣ ያውም በደንብ። ጭቃ ለጭቃ እየሮጥኩ፣ ሁለት ጊዜ ወድቄ፣ ወፍጮ ቤቱ ደረስኩ። ወፍጮው ይጮኻል፣ እናቴ ወንፊት ይዛ ቆማለች። በእጄ ምልክት ሰጠኋት። ወንፊቱን ጥላ እልልታዋን አቀለጠችው፣ ተራ የሚጠብቁት ሴቶችም አብረው እልል አሉ። አቅፋ ሳመችኝና ከወፍጮው ጩኸት በላይ እንድሰማት አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች።

"አየሽ እግዜር ይቅር ሲልሽ? ሁለተኛ እንዳትደግሚው፣ እሺ ልጄ?"

እሺ አልኳት።

ለምን እሺ እንዳልኳት ስንት ዓመት ራሴን ጠየቅኩ። ደስታዋን ላለማበላሸት ነው እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። አኩርፌ ነው። እኔን ትታ "አንቺ" ያላትን ሰውዬ ማመኗ አንገብግቦኝ፣ ለገዛ እናቴስ ማስረጃ አላቀርብም ብዬ ነው። ነገ እነግራታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራታለሁ ስል ቂሙ ሥር ሰደደ። እሷ ግን አልተቀየመችኝም። ካረጀች በኋላ እንኳ የልጅ ልጆቿን ሰብስባ፣ እናንተም ብትሳሳቱ አይዟችሁ፣ ይቺ ልጄም በልጅነቷ ተሳስታ ነበር፣ ይኸው ተመልሳ ሰው ሆነች እያለች በእኔ ትመክርባቸው ነበር። በኩራት ነበር የምትናገረው። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ።

ጫልቱ ሰውዬው አርጅተዋል፣ ረስተውታል፣ አንቺም ተይው ትለኛለች። እሷ መተው ትችላለች፤ ከእሷ የተወሰደ ነገር የለም። እሳቸው ቢረሱትም አልፈርድም፣ ለእሳቸው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ፊደሌ ላይ የሳቁትን እንኳ ሊያልፍልኝ ይችል ነበር። የእናቴን እምነት ግን ማን ይመልስልኛል? ራሴም በ"እሺ" አብሬያቸው ፈርሜያለሁ።

ትናንት ግሩፑን ከፍቼ ለእሳቸው የሚሆን አንድ መስመር ጻፍኩ፦ "እናቴ እርስዎን አምና ሞተች።"

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጫልቱ ደወለች። ይሄ ለአልበም አይሆንም፣ አጥፊውና ሌላ ጻፊ አለችኝ።

ሌላ የለኝም አልኳት።