የግራው ከረጢት

ሰውየውን በጋራዦቹ ሰፈር የሚያውቀው ሁሉ «ጆሮ» ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙ የወጣለት ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ ነው። ሌሎቹ መካኒኮች አየር የሚያፈስ ቱቦ ፍለጋ ግማሽ ቀን ከመኪና ሥር ሲንከባለሉ፣ እሱ ሞተሩን ያስጠፋና ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ይቆማል። ከዚያ «ከኋላ፣ በቀኝ፣ መታጠፊያው ላይ» ይላል። ሄደው ሲያዩ ነገሩ እዚያው ነው።

አሁን ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ከተማው አልቆ አውራ ጎዳናው በሚጀምርበት ቦታ የራሱ ጋራዥ አለው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ ነው፤ ጥግ ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚያጓራ ኮምፕሬሰር ተተክሏል። ሥራው በአየር ከረጢት ላይ የተቀመጡ ከባድ መኪናዎችን መጠገን ነው። እነዚህ መኪናዎች ከኋላ የሚሸከማቸው የብረት ሞላ ሳይሆን አየር የተሞላ ወፍራም የጎማ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ሲያፈስ መኪናው በዚያ በኩል ቁጢጥ ይላል።

ይህ ሰው ለማንም ያልነገረው ነገር ነበረው። ቀጭን ድምፅ ከጆሮው መጥፋት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ወፍራሙን ይሰማል፤ የሰው ወሬም፣ ሰውየው ፊቱን ካላዞረበት፣ ይገባዋል። መጀመሪያ የጠፋችው ትንኝ ናት። አንድ ቀን ጠዋት «ዘንድሮ እኮ ትንኝ የሚባል የለም» ብሎ ለሚስቱ በደስታ ነገራት። እሷ ክንዷን እያከከች ትክ ብላ አየችው። ቀጥሎ የማንቆርቆሪያው ፉጨት፣ ከዚያም የከረጢቶቹ ትንፋሽ ራቀው። ጋራዥ ውስጥ በሳሙና ውሃ መሥራት ጀመረ፤ የተጠረጠረው ቦታ ላይ አረፋውን ይቀባና አየሩ ሲያኩረፈርፈው በዓይኑ ያያል። ሰው ቆሞ ሲያየው ግን አሁንም ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ይመስል ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ቤት መኪና ወደ ቀኝ አጋድሎ ገባ። አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው፣ አውቶቡስ የሚያህል መኪና ነው። የሚነዱት ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ባለቤታቸው ከስምንት ወር በፊት ግራ ጎናቸው ሽባ ሆኖ ከኋላ አልጋው ላይ ተኝተዋል። የሚኖሩበት ፎቅ ደረጃ ስላስቸገራቸው ቤቱን ለቀው፣ የአራት ቀን መንገድ ርቆ ወደሚኖረው ልጃቸው እየሄዱ ነበር።

«ሦስት ቦታ ጠየቅሁ፤ ሦስቱም አንተን ጠሩልኝ» አሉ መምህርቷ ከመኪናው ሲወርዱ። «በጆሮው ያገኘዋል አሉኝ።»

«ሰው ያጋንናል፣ እትዬ» አለ። ደስ ግን ብሎት ነበር።

መኪና በክሪክ ቆሞ ሰው ውስጡ እንዲቀመጥ አይፈቅድም። ሽማግሌውን በተሽከርካሪ ወንበራቸው አውርዶ ቢሮው ውስጥ ሶፋ ላይ አስቀመጣቸው፤ ሻይም አስመጣላቸው። ከዚያ መኪናውን አንስቶ አራት የብረት መቆሚያ ከሥሩ አስገባና የቀኙን ከረጢት በሳሙና ቀባው። አረፋው ከመታጠፊያው ላይ እንደ ፈላ ወተት ገነፈለ። ከረጢቱን ሲያወጣው ጎማው እንደ በጋ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ልኩ መደርደሪያው ላይ ስለነበረ ለውጦ፣ ብሎኑን አጥብቆ፣ አየር ሞላ። መኪናው ቀጥ አለ።

«የግራውስ?» አሉ መምህርቷ። ከጎኑ ቆመው ሥራውን ሲከታተሉ ቆይተዋል።

የሳሙናው ጣሳ እጁ ላይ ነበር። መቀባቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን ሴትየዋ ስሙን ሰምተው ነው የመጡት። ጣሳውን አስቀመጠና ከመኪናው ሥር ገብቶ ጆሮውን ከረጢቱ ላይ ለጠፈ። ዓይኑን ጨፈነ። ምንም የለም።

«እሱ ደህና ነው» አለ።

መምህርቷ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ከሰዓት በኋላ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ቤት መኪናው ተመልሶ መጣ። አሁን ያጋደለው ወደ ግራ ነው። መምህርቷ በኤሊ እርምጃ ነድተው፣ ላብ አጥምቋቸው ነበር። መንገድ ላይ አንድ ኩርባ ሲዞሩ መኪናው ዘንበል ብሎ፣ ባለቤታቸው ከአልጋው ተንከባልለው ከቁም ሳጥኑ ጠርዝ ጋር ተጋጭተዋል። የግራ ክርናቸው አብጦ ሰማያዊ ሆኗል። መንገድ ላይ ያገኙት ክሊኒክ አይቶ አጥንቱ ደህና ነው ብሏል።

ጆሮ ሽማግሌውን ዳግመኛ አውርዶ ቢሮው ሶፋ ላይ ሲያስቀምጣቸው ክርኑን አየ።

«ትናንት ሰምቼው ነበር» አሉ መምህርቷ፣ ሳይቆጡ። «አንተ ሥሩ ገብተህ ስታዳምጥ፣ እኔ ቆሜ ስስስ ሲል ይሰማኝ ነበር። ደህና ነው ስትል፣ ባለሙያው እሱ ነው፣ ሌላ ድምፅ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።»

«አሁንስ ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል። አንተስ?»

ቀና ብሎ አያቸው። ሁለት የጎረቤት መካኒኮች በሩ ላይ ቆመዋል። አዎ ማለት ይችል ነበር፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ሦስት ዓመት የኖረ ሰው አንድ ቀን መጨመር አያቅተውም።

«አይሰማኝም» አለ። «ቀጭን ድምፅ ከጠፋብኝ ሦስት ዓመት ሆነኝ።»

መምህርቷ ወደ እሱ ቀረብ አሉ። «ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። ሳይገባው ገባኝ የሚል ልጅ ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ትናንት ፊትህ ላይ አይቼው ማለፌ የእኔ ጥፋት ነው።»

«ኧረ የእርስዎ አይደለም፣ እትዬ።»

«ትልቁማ ያንተ ነው» አሉ። «እኔ የወሰድኩት ትንሹን ነው።»

ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ሽማግሌው ሄዶ ሶፋው አጠገብ ተንበረከከ። ሽማግሌው ቃል ለማውጣት ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ ታግሦ ጠበቀ።

«እኔ ክንዴ... አይሰማኝም» አሉ በመጨረሻ። «አንተ ጆሮህ... አይሰማህም። ሁለታችን ተደምረን... አንድ ደህና ሰው አይወጣንም።» ግማሹ ከንፈራቸው ፈገግ አለ።

እሱ ግን መሳቅ አልቻለም። ተነሥቶ ወደ ሥራው ገባ። በዚህ ቀን ያልቀባው ነገር የለም፤ ከአየር ታንኩ ጀምሮ እያንዳንዱን መጋጠሚያ፣ እያንዳንዱን ቱቦ በብሩሽ እየዳሰሰ ሄደ። የግራው ከረጢት ራሱ ጤነኛ ነበር። ያፈሰሰው ቱቦው ከረጢቱ ውስጥ የሚገባበት አንገት ነው። እዚያ የምስር ፍሬ የምታህል አረፋ ትነፋለች፣ ትፈርጣለች፣ እንደገና ትነፋለች። የቀኙ ጉዳት ብሶ ስለነበር ይቺ ሳትታይ ቆይታለች፤ በመንገዱ ንዝረት ደግሞ ይበልጥ ላልታለች። የተበላውን የቱቦውን ጫፍ ቀጥ አድርጎ ቆረጠ፣ መጋጠሚያውን በአዲስ ቀየረ፣ ደግሞ ቀባ። አረፋው ሳይነቃነቅ ደረቀ።

«አሁን ይስሙልኝ» አለ።

መምህርቷ ጎንበስ አሉ። ኮምፕሬሰሩን አስጠፉት። በሩ ላይ የቆሙትንም መካኒኮች እንደ ተማሪ በጣታቸው ጸጥ አሰኟቸው። «የለም» አሉ።

እሱ ግን በዚህም አልረካም። ከመሬት እስከ ጎማው ሽፋን ያለውን ከፍታ በሜትር ለካና ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፈው። አራት ሰዓት ሙሉ አስጠብቋቸው መልሶ ለካ። ያው ነው፤ መኪናው ዝቅ አላለም። ሽማግሌውን አልጋቸው ላይ ሲያስተኛቸው በጎናቸው ሁለት ትራስ ወሸቀ፣ አልጋውም ላይ ከመጋዘን ያመጣውን ሰፊ ቀበቶ አሰረላቸው። ቀኑ ሳይመሽ ሄዱ።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም አዳመጠችው።

«እስከ ዛሬ ደብቄሽ ነው የኖርኩት» አለ።

አሁን መኪናዋን አቆመች። «አንተ ነህ የደበቅከው? እኛ ነን እንጂ የደበቅንልህ። ለምንድን ነው ሁሌ ፊት ለፊትህ ተቀምጬ የማወራህ? ውበትህን ለማየት መሰለህ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እኮ አንተን አይተው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስምህ ነዋ። ሰውን ስምህ ጠፍቷል ብሎ መንገር ቀላል ነው?»

በሳምንቱ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አድርገውለት ድምፅ በሰማህ ቁጥር ይህን ተጫን አሉት። ሐኪሟ የምርመራውን ውጤት ወረቀት ላይ ስታሳየው መስመሩ እስከ መሃል ደህና መጥቶ ገደል ገብቷል። ሠላሳ ዓመት ከኮምፕሬሰርና በአየር ከሚሠራ መፍቻ ጋር ያለ ጆሮ መሸፈኛ መሥራት የበላው ነው፤ አይመለስም፤ የመስሚያ መሣሪያ ግን ይረዳል አለችው። መሣሪያውን አደረገ። ቤት ውስጥ ጥሩ ነው፤ ጋራዥ ሲገባ ግን ብረት ሁሉ ራሱ ላይ የሚወድቅ ስለሚመስለው አውልቆ መሸፈኛ ያደርጋል። ቅጽል ስሙን ማንም አልቀየረውም። አንዳንዱ ሆን ብሎ አፉን ብቻ እያንቀሳቀሰ ያሾፍበታል፤ እሱም «ሰምቻለሁ፣ አንተ ራስህ ነህ» ይለዋል።

ወር ሳይሞላ መምህርቷ ደወሉ። በሰላም ደርሰዋል፤ መኪናው ልጃቸው ግቢ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የባለቤታቸውም ክርን ድኗል።

«አሁን ያስቸገረኝ የውሃው ፓምፕ ነው» አሉ። «ቧንቧ ስንከፍት ይጮኻል።»

«ምን እያለ?»

መምህርቷ በአፋቸው አሰሙት። አልያዘውም።

«ይቅርታ፣ እትዬ፣ ይድገሙልኝ። ትንሽ ወፈር አድርገው።»

ደገሙት። የጋራዡ ሠራተኞች ሥራቸውን አቁመው ያዩታል።

«ገባኝ» አለ። «ፓምፑ ወለሉ ላይ የታሰረበት ብሎን ላልቶ ነው። ልጅዎ በመፍቻ ያጥብቀው።»